ሚዛን ላይ የወጣው ውሃ

ሐጂ ሱሌማን ሚዛኑን በመስኮት የወረወሩት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደክሟል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር እንኳ በሁለት ሰው ካልተደገፉ አይሄዱም። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት እኔ ሚስታቸው አላውቅም። መስታወቱ ተሰባብሮ ከሚዛኑ ጋር ከሦስተኛ ፎቅ ወረደ። ታች መኪናውን ያጥብ የነበረው ጎረቤታችን ዑቕባዝጊ ጮኸ፦

«ኧረ በፈጠረዎት! ሐጂ፣ መግደሉን ከፈለጉት በስሜ ጠርተው ይግደሉኝ እንጂ!»

የሳቅ ነገር እንዳይመስላችሁ ልጆቼ። ሚዛኑን ከመወርወራቸው በፊት ከዘራቸውን ሉሊት ግንባር ላይ አሳርፈውት ነበር። ሉሊት ነርስ ናት። ትልቁ ልጃችን ሙራድ ነው የቀጠራት፣ ጠዋትና ከሰዓት እየመጣች አባቱን እንድታይለት። ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቅንድቧ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗን ሞላው፣ በነጭ ጋዋኗ ላይ ወረደ። እሷ ግን አላለቀሰችም። በእጇ ግንባሯን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና፣

«እማማ ራሕማ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይስጡኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ዶክተር አምላኩ ከሆስፒታል ሲያስወጣን ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። የሐጂ ልብ እንደ ደከመ የሾላ ገበያ ተሸካሚ ነው፣ ደሙን አንስቶ መግፋት አልቻለም። ልብ ካልገፋ ውሃው አይወጣም። የጠጡት ሁሉ መጀመሪያ እግር ውስጥ፣ ቀጥሎ ሆድ ውስጥ፣ በመጨረሻ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። «ሳንባ ከገባ፣ እማማ፣ ሰው አልጋው ላይ እንደተኛ ይሰምጣል» አለኝ። ስለዚህ ስንት ጠጡ፣ ስንት ሸኑ የሚለው በየቀኑ መታወቅ አለበት። ሽንት የሚያወርደውን ኪኒን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በዚያ ነው።

ሐጂ ደግሞ ሽንታቸውን መያዝ ካቃታቸው ዓመት አልፏል። ሳያውቁት ይፈሳል። ቱቦ እናስገባ ብለን ጠይቀን ነበር፣ ቱቦው ለብዙ ቀን ከቆየ ኢንፌክሽን ያመጣባቸዋል ተባልን። ታዲያ መላው ዳይፐሩን መመዘን ሆነ። ደረቁ መቶ ግራም ይመዝናል። የረጠበውን መዝኖ መቶውን መቀነስ፣ የቀረው ሽንታቸው ነው። ሉሊት ደብተር አውጥታ አሰመረች፦ የጠጡት በዚህ፣ የወጣው በዚያ።

«ግራም የሚቆጥር ሚዛን አለዎት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም በየዋህነት ከአልጋው ስር ሐጂ ሾላ ገበያ ሠላሳ ዓመት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የመዘኑበትን ሚዛን አውጥቼ ሰጠኋት። ዳይፐሩን ስታስቀምጥበት ሐጂ አዩ። ፊታቸው ሲጠቁር እኔም አየሁ።

«በዚህ ሚዛን የሰው ሐቅ በልቼ አላውቅም!» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ኮረሪማ በመዘንኩበት ሽንቴን? የማንም ልጅ ሱሪዬን ፈትታ?»

ከዚያ ከዘራው። ከዚያ መስታወቱ።

ሙራድ ከሃያ ሁለት ሰፈር፣ ከጎማ ሱቁ፣ እየከነፈ መጣ። ልጄ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን የአባቱን እጅ ነው የወረሰው። ሕፃን ሆኖ እንኳ ሲናደድ የሚመታው ነገር ካጣ በር ይመታ ነበር። ሉሊት ሦስት ስፌት ተሰፍታ ስትመለስ በረንዳ ላይ አገኛትና፣

«ሽማግሌ ናቸው፣ ቻያቸው» አላት።

«ችያለሁ» አለችው። «ስፌቱ የኔ ነው፣ ሲያሳክክም አንተን አልጠራህም። ብቻ ሥራዬን ልሥራ።»

«ለምንድነው ግን የተመለስሽው?» አልኳት እኔ፣ ሙራድ ሲሄድ።

«ሦስት ስፌት የተሰፋሁበትን ቤት ሦስት ቀን ሳልሠራበት አልለቅም» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ስፌቱ ተሳበባትና «ወይኔ» አለች።

ያን ቀን ሙራድ ውል አቆመ። አባቱን ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካቸው። ዳይፐሩን የምቀይረው እኔ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፤ ያወጣሁትን በላስቲክ አስሬ በረንዳ ላይ አኖራለሁ። ሉሊት በረንዳው ላይ በሌላ ሚዛን ትመዝናለች፣ ትጽፋለች፣ ለዶክተር አምላኩ ትደውላለች። ሁላችንም ተስማማን። ሐጂም «ይሁን» አሉ።

አሁን የምነግራችሁን እስከ ተከታዩ ሳምንት አርብ ድረስ ለማንም አልተናገርኩትም።

ሐጂ ሽንት ነክቷቸው አይሰግዱም። ተኝተው ይሰግዳሉ፣ በዓይናቸው እየጠቀሱ ይሰግዳሉ፣ ሳይታጠቡ ግን አይሰግዱም። ለበሽተኛ በውሃ ፈንታ አፈር መንካት ይበቃል፣ ሃይማኖቱ ይፈቅዳል ብያቸው ነበር። «እኔ አፈር የምነካው ስቀበር ነው» አሉኝ። ስለዚህ በቀን አምስቴ፣ ከየሰላቱ በፊት፣ ዳይፐሩን እፈታና እዚያው ከስራቸው እንደተነጠፈ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፍስሼ አጥባቸው ነበር። ፍራሹ እንዳይርስ ብዬ ነው። ዳይፐሩ ሁሉንም ይጠጣዋል። እኔም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ወገቤ አይታዘዘኝም፣ እሳቸውን ብድግ አድርጌ ሌላ ነገር ከስር ለማንጠፍ አቅም የለኝም። ጥርግ አድርጌ፣ አዲሱን አልብሼ፣ አሮጌውን ጥፍር አድርጌ አስሬ በረንዳ ላይ አኖረዋለሁ። ሉሊት ትመዝነዋለች።

ሽንቱ ብቻውን አልነበረም የሚመዘነው። የኔም ውሃ አብሮ ሚዛን ላይ ይወጣ ነበር።

«አላወቅሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ልጆቼ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ሚሊ ሊትር የሚባለውን አላውቅም። ግን ሰበብ አላበዛም። ፈርቼ ነው። ዶክተር አምላኩ በስልክ «ውሃ ይቀነስ፣ በቀን ከሊትር ተኩል እንዳያልፍ» ብሏል። ለኔ ውሃ ውሃ ነው። የሚጠጣውን ከቀነሱ የሚታጠቡበትንም ይከለክላሉ ብዬ አሰብኩ። ሐጂም እንደኔው አሰቡ። እጄን ጨብጠው፣

«ራሕማ፣ ይህን ከአፍሽ እንዳታወጪ። ውሃውን ከከለከሉኝ ሰላቴን ከለከሉኝ ማለት ነው። ማይልኝ» አሉኝ።

ማልኩ።

የመጠጡን ግን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። በሲኒ እየሰፈርኩ ነው የማጠጣቸው። የተጠማ ሰው ምን እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሁድ እኩለ ቀን ላይ ጸሐይዋ በምንኖርበት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ላይ ወርዳ ቆርቆሮውን ስታፍለቀልቅ፣ ሐጂ በሻሼ አንቀው ያዙኝ። ጎንበስ ብዬ ትራሳቸውን ሳስተካክል ነበር። ሻሹን አንገቴ ላይ ጠምዝዘው፣ «ውሃ!» አሉ። «ሐጂ፣ አሁን ሰጠሁዎት እኮ!» ማለት ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። ዓይኔ ጨለመ። ጣቴን በጣታቸው መሀል አስገብቼ ልፈታ ስል አውራ ጣቴን በጥርሳቸው ያዙት። እስከ አጥንቱ። ሻሹ ተቀዶ ባይለቀኝ ኖሮ ይሄኔ ሌላ ሰው ነበር ይህን የሚነግራችሁ።

ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳስል እሳቸው ከአልጋው ላይ ሆነው አለቀሱ።

«ገደልኩሽ?» አሉኝ።

«አልገደሉኝም።»

«ውሃ ስጪኝ እንግዲያ።»

አልሰጠኋቸውም። ሰዓቱ ሲደርስ ነው የሰጠኋቸው። ደግሞ የዙሁር ሰላት ደርሶ ነበርና ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ መጣሁ፣ አጠብኳቸው። አያችሁ የኔን ነገር? በአፋቸው ጠብታ ከልክዬ በስራቸው አፈስ ነበር።

ደብተሩ ላይ ግን ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ሉሊት በሦስተኛው ቀን እየተፍለቀለቀች መጣች።

«እማማ፣ ትናንት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ! ከጠጡት በላይ ወጣላቸው። ኪኒኑ ሠርቷል ማለት ነው።»

ዶክተር አምላኩም ተደሰተ። እንዲያውም በዚሁ ከቀጠለ ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ኩላሊታቸው ይጎዳል ብሎ ሰጋና ኪኒኑን በግማሽ ቀነሰው። እኔም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ግማሹን ኪኒን በቢላ የምከፍለው እኔው ነበርኩ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሐጂ ተለወጡ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሦስት ትራስ ደርበን እንኳ አልበቃ አላቸው። ሐሙስ ዕለት ሉሊት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሐጂ ከዘራቸውን ፈለጉ። እሷ ቀድማ አንስታዋለች።

«ይኸው ከዘራዎት ከኔ ጋር ነው፣ ሐጂ። ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለቻቸው። እግራቸውን ብቻ ነበር የፈለገችው። አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አሳርፋ ተጫነች። ስታነሳው ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንዳለ ቀረ። አልሞላ አለ።

ፊቷ ተለወጠ። እጄን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣችኝ።

«እማማ፣ ይሄ እግር ውሃ ነው። ይህን ያህል እየሸኑ እንዲህ ሊያብጡ አይችሉም። አንድ ነገር ልክ አይደለም።»

«እንጃ ልጄ።»

«ዳይፐሩን ሌላ ውሃ ይነካዋል?»

ዓይኗን እያየሁ፣ «ምን ውሃ? አይነካውም» አልኳት።

ያቺ ልጅ አላመነችኝም። ሊታመን የማይችል ፊት ይዤ ነበር መሰለኝ። ግን እኔን አሮጊቷን ውሸታም ብላ አልተናገረችም፣ ሚዛኑን ጠረጠረች። ወጥታ የታሸገ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝታ መጥታ መዘነችው። ልክ አንድ ኪሎ። ስኳሩን በእጇ እንደያዘች አየችኝ። ከዚያ ለዶክተር አምላኩ ደወለች፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ አላት። ለሙራድ ደወለች፤ «ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ» አላት።

አርብ ጠዋት ሐጂ ሰመጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ከአፋቸው አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ቀላ ይላል። ደረታቸው ውስጥ የሚፈላ ድስት ያለ ይመስላል። አየሩን በእጃቸው ሊይዙት ይታገላሉ። ግድግዳውን በቡጢ ይመታሉ፣ የጣታቸው ቆዳ ተገሽልጦ ግድግዳው ላይ ደም ቀረ። ልይዛቸው ስጠጋ ደረቴን በክርናቸው ደቁሰው ቁም ሣጥኑ ላይ ጣሉኝ። ሉሊት ከበስተኋላ ብብታቸውን ይዛ ልታስቀምጣቸው ትታገላለች፤ ጥፍራቸው ክንዷን ይተለትላል። «ሐጂ፣ እኔ ነኝ! ልቀቁኝ አልልዎትም፣ ተደገፉብኝ!» ትላለች።

ሙራድ በሩን በርግዶ የገባው ያኔ ነው።

አባቱን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ደብተር አየ። አነሳው።

«ሺህ ስምንት መቶ?» አለ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ሙራድን ቀስ ሲል ነው የምፈራው። «ትናንት ሺህ ስምንት መቶ ሸንቷል ብለሽ ጽፈሻል? ይሄ ሰው? እዪው እስኪ! እዪው ይሄን ሰው!»

«ሙራድ፣ አሁን አምቡላንስ…»

ደብተሩን ፊቷ ላይ መታት። ከዚያ በጥፊ። የተሰፋው ቅንድቧ ተተረተረ። ጸጉሯን ጠምጥሞ ይዞ ከአባቱ አልጋ ጎትቶ አወጣት፣ ጭንቅላቷን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨው። ጓ ሲል ሰማሁት። ሌላ ጊዜም አጋጨው።

«ቁጭ ብለሽ ከልብሽ እየፈጠርሽ ትጽፊያለሽ! ኪኒኑን አስቀንሰሽ አባቴን ልትገዪ!»

«ያወጣውን ነው የጻፍኩት!» ትላለች፣ ደም እየተፋች። «ሚዛኑ ያወጣውን!»

«ልቀቃት! ሙራድ! የሷ ጥፋት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ጆሮው ተዘግቷል። በረንዳ ላይ ገፍቶ አወጣትና ከብረቱ ጋር አጣበቃት። ጉሮሮዋን ይዞ ወደ ኋላ ገፋት። ወገቧ ብረቱ ላይ ተቆለመመ፣ እግሯ ከወለሉ ተነሳ። አንዱ ጫማዋ ወልቆ ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ነው ልጆቼ። ጫማው መሬት እስኪነካ ድረስ ያለችውን ጊዜ እኔ ቆጥሬያታለሁ።

በረንዳው ጥግ የሐጂ የብረት ዘነዘና ቆሟል፣ ከሱቁ የቀረ፣ ኮረሪማ የሚወቀጥበት። አነሳሁት። ወገቤ ያን ጊዜ ታዘዘኝ። በልጄ ክንድ ላይ፣ ጉሮሮዋን በያዘበት ክንድ ላይ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ አወረድኩት።

አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ ማገዶ ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ አወጣ። ሙራድ ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ። ሉሊት ወደ ፊት ተንሸራታ እግሬ ስር ተዘረጋች። ዘነዘናውን እንደያዝኩ በሁለቱ መሀል ቆምኩ። ሊነሳ ሲሞክር ደግሜ አነሳሁበት።

«እማ!» አለ። እንደ ሕፃን ነው ያለው።

«ውሃው የኔ ነው!» አልኩት። «ከሰላት በፊት አጥባቸዋለሁ፣ በቀን አምስቴ፣ ዳይፐሩ ላይ! የጻፈችው የኔን ውሃ ነው! ጠይቃኝ ዋሽቻታለሁ! የምትመታው ካለ እኔን ምታ!»

ማንም አልመታኝም። ሉሊት ከወለሉ ቀና አለች። አንድ ዓይኗ በደም ተዘግቷል። በሌላው አየችኝና አንድ ቃል ተናገረች፦

«ስንት?»

«ምን?»

«በአንዴ ስንት ያፈሳሉ?»

«የማንቆርቆሪያውን ግማሽ…»

ሳታስጨርሰኝ ተነሳች። አንድ እግሯ ባዶውን፣ ግድግዳውን እየያዘች ወደ ሐጂ ሮጠች። «ቁጭ አድርጓቸው! እግራቸው ከአልጋው ይውረድ! አታስተኟቸው!» እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ ሆነን አስቀመጥናቸው። ከበረንዳው አንገቷን አውጥታ፣ «ጋሽ ዑቕባዝጊ! መኪናዎትን ያስነሱ!» ብላ ጮኸች።

አምቡላንስ ብንጠብቅ አይደርስም ነበር። ዑቕባዝጊና የዘበኛው ልጅ ሐጂን ከነወንበሩ ደረጃውን አወረዷቸው። በየእጥፋቱ ሐጂ ያገኙትን ይመታሉ፤ ዑቕባዝጊ ጆሮው ላይ ሁለቴ ቀመሰ። «ይምቱ ሐጂ፣ ይምቱ፣ መምታት እስከቻሉ ድረስ በሕይወት አሉ» ይላል እያለከለከ። ሙራድ የተሰበረ ክንዱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በላብ ተነክሮ ከኋላ ወረደ። በመኪናው ውስጥ የሐጂ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ያም ቀስ እያለ ሄደ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር አምላኩ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀን። ሉሊት ስለራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ዶክተር፣ የሰጠሁህ ቁጥር ልክ አይደለም። የመታጠቢያ ውሃ አለበት። ኪኒኑ አንሷቸዋል» አለችው። እሱ የሷን ፊት አየ፣ የኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ። መርፌ ወጉ፣ ኦክስጅን አደረጉ፣ አሁን ግድ ነውና ቱቦም አስገቡላቸው። ሐጂ ቱቦውን ሊነቅሉ ሲታገሉ ሦስት ሰው ያዛቸው።

ትንሽ ቆይቶ ዶክተሩ መስመር ያለበት ጆግ ይዞ መጣ። አንዲት ነርስም ማንቆርቆሪያ ፈልጋ አመጣችልኝ።

«እማማ፣ እቤት እንደሚያፈሱት አድርገው እዚህ ላይ ያፍስሱልኝ። አይፍሩ።»

በኮሪደሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ልጄ ፊት፣ ያቺ ልጅ ፊት አፈሰስኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ፣ እንደ ልማዴ። ዶክተሩ ጆጉን ከፍ አድርጎ አየ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ሉሊት ደብተሩን አምጥታው ነበር፤ ሽፋኑ በደሟ ተጣብቋል። ሁለት መቶ ሃምሳውን አምስት ጊዜ አባዝታ ከሺህ ስምንት መቶ ሃምሳው ላይ ቀነሰች።

«ስድስት መቶ» አለች። «በቀን ስድስት መቶ ብቻ ነበር የሚሸኑት።»

«ይሄን ብናውቅ ኪኒኑን እንጨምር ነበር እንጂ አንቀንስም» አለ ዶክተሩ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ማጠቡ ክልክል ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሉሊት ናት የመለሰችው። «ማን ከለከለ፣ እማማ? መጀመሪያ ዳይፐሩን ያወጡታል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ከስር አንጥፈን እናጥባቸዋለን። አብሬዎት አነሳቸው ነበር እኮ።»

ይኸው ነበር ልጆቼ። ይህችን ለመስማት ነው ሰው ሊሞት የነበረው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቱቦው ከረጢት ሊትር ተኩል አለፈ። የሐጂ ከንፈር ቀላ። ዓይናቸውን ገልጠው፣ «አስር ደርሷል?» አሉ፤ የሰላቱን ነው የጠየቁት። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ሙራድ ክንዱ በጣውላ ታስሮ ሉሊት ፊት ቆሟል። ግንባሯን ሰፍተውላታል፣ አንገቷ ላይ የጣቱ ምልክት አምስቱም ይታያል።

«እህቴ፣ ንዴት ነው…»

«እህትህን ነው በበረንዳ የምትጥለው?»

ከሙራድ በስተኋላ አንድ ፖሊስ መጣ። ነርሶቹ ናቸው የጠሩት፤ አንዲት ልጅ ጉሮሮዋ ታንቆ፣ አንድ ወንድ ክንዱ ተሰብሮ አንድ መኪና ውስጥ ሆነው ሲመጡ ዝም አይሉም።

«ምን ተፈጥሮ ነው?» አለ፣ ብዕሩን አውጥቶ።

ዑቕባዝጊ ፈጠን አለ። «ጌታዬ፣ በሽተኛውን ስናወርድ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ተያይዘው ወደቁ» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ቤት ሊያድን ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በዓይኑ ለመነኝ። ሙራድም አየኝ። ፖሊሱም የሁሉንም ዓይን ተከትሎ ወደኔ ዞረ።

«እናት፣ እውነት ነው? ወድቀው ነው?»

ሉሊት አላየችኝም። ወለሉን ነበር የምታየው። ከኔ ምንም እንደማትጠብቅ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ጊዜ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻታለሁና ለምን ትጠብቅ?

«አልወደቁም» አልኩ። «ልጅቷን የመታት ልጄ ነው። ጭንቅላቷን ከጉበን ጋር አጋጭቷል፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሊጥላት ነበር። ምንም አላጠፋችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሱን ክንድ የሰበርኩትም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» አለ ፖሊሱ። «በምን?»

«በብረት ዘነዘና።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ዑቕባዝጊ ጭንቅላቱን ያዘ። ሙራድ ግን አልካደም።

«እንግዲህ ሁላችሁም ጣቢያ መጥታችሁ ቃላችሁን ትሰጣላችሁ» አለ ፖሊሱ።

ሉሊት በፖሊሱ ፒክአፕ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ከሙራድ ጋር አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥም አለች፣ ሐቋ ነው። እኔና ልጄ ከኋላ ፒክአፑ ላይ ሆንን። ሙራድ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ከሆስፒታሉ ወደ ጣቢያው ስንሄድ መንገዱ ጉብታ በጉብታ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። እጄን ከተሰበረው ክንዱ ስር አስገብቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ፊቱን አልመለሰልኝም። ግን ክንዱን አልነጠቀኝም፤ ጣቢያው ደጃፍ እስክንደርስ እንደያዝኩለት ሄድን።